ብቻውን የሚጫወት እጅ

ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይዞ የሚቆም ሰው ባንዱ በሙሉ እሱ ነው። ከበሮውን ማሽኑ ይመታለታል፣ ኮርዱን ግራ እጁ ይይዛል፣ ዜማው የቀኝ እጁ ነው። እዚህ ጃጁራም ሆነ ሆሳዕና እንጀራችን ይኸው ዋን ማን ባንድ ነው። በዚህ ሥራ ላይ እንደ መምህር የማየው ኪቦርዲስቱን ኃይሉ መርጊያን ነው፤ ያውም በአዲስ አበባ ሂልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር ያመሸውን ሳይሆን፣ ብቻውን የቀረውን ኃይሉን።

«ቼ በለው» የተባለው አልበም በ1977 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዙሪያው በሙዚቀኛ የተሞላ ነበር። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፤ እሱና አንዳንድ ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የሪትም ማሽን ይዞ ለብቻው አንድ ካሴት ሠራ። የኛ ሠርግ ቤት ዕቃ ማለት ነው፣ አኮርዲዮኑ ሲቀር።

ልዩነቱ ያለውም አኮርዲዮኑ ላይ ነው። ወናፉ ሲያልቅ መመለስ ግድ ነው፤ ስለዚህ ሐረጉ ይተነፍሳል። ኪቦርድ ግን፣ በተለይ የኦርጋን ድምፅ፣ ጣት እስኪነሳ ድረስ ይጮኻል። ኃይሉ ሲንተሳይዘሩንም ወናፍ እንዳለው አድርጎ ነው የሚጫወተው። ማሽኑ ሳይደክመው ይመታል፤ እሱ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይገባል፣ ይጨርሳል፣ ይተወዋል።

እኛ መተው ያቅተናል፤ ግራ እጃችን አያርፍም። የትዝታን ቅኝት ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ኤፍ የለበትም። ግራ እጅ የኤፍ ኮርድ በተጫነ ቁጥር ግን ስታይሉ፣ ማለትም ማሽኑ በራሱ የሚጫወተው አጃቢ፣ ቅኝቱ የማያውቀውን ድምፅ ቤዙ ላይ ይዘራል። የሚገርመው የኪቦርዱ ሠሪ ያማሃ የጃፓን ነው፤ ጃፓኖችም በአምስት ድምፅ የሚሄድ የቆየ ዜማ አላቸው። ፋብሪካው ጭኖ የሚልክልን ስታይል ግን ባብዛኛው ለባለሰባት ድምፁ ስኬል የተሰላ ነው።

ድምፃዊቷ ቶን ሳትጠይቅ ስትጀምር ግራ እጄን አነሳለሁ። ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጌ በቀኝ እጄ ማረፊያዋን እፈልግና ቶን መቀየሪያውን ትራንስፖዝ እዚያ አደርሰዋለሁ። ብዙዎቻችን የለመድነው የጣት አቀማመጥ አንድ ብቻ ስለሆነ ያለዚያች ቁልፍ ሥራም የለን። ካገኘሁት በኋላም ቶሎ አልገባም፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ለብቻዋ ብትጨርሰው ዘፈኑ የሷ ይሆናል።

ኃይሉ ለዓመታት ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን የዕቃ መጫኛው ውስጥ ይይዝና ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። የ1985ቱ ካሴት በ2013 እንደገና ታተመ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለው አልበም መጣ፤ በዚህኛው ቤዝና ድራም የሚጫወቱለት ሰዎች አሉ። መጨረሻው ላይ ያለው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ግን ፒያኖና እሱ ብቻ ናቸው። ሠርግ ላይ ማንም አይጨፍርበትም። ኪቦርድ ልማር ብሎ ለሚመጣ ልጅ ግን መጀመሪያ ስታይሉን አጥፍቼ የማሰማው ይህን ዜማ ነው።