«ዘይት ካልሆነማ ሥዕል አይደለም!»

በክረምቱ መግቢያ ግቢያችን ውስጥ አዲስ ሽታ ገባ። ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ለምንኖር ሰዎች የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ብርቃችን አይደለም። ይኼኛው ግን የአኳራጅ ነበር። ከየት መጣ ስንል፣ ለካ ሰርቪስ ቤቷን የተከራየው ወጣት ሥዕል ጀምሯል! ፍሬሙን ከአጠና ተራ በገዛው እንጨት ራሱ ሠርቶ አቡጀዲ ወጥሮበታል። እስከዚህ ድረስ «ጎሽ!» የሚያሰኝ ነው።

ጣጣው ቀለሙ ላይ ነው። የወር አስቤዛውን የሚያህል ገንዘብ አውጥቶ የዘይት ቀለም ገዛ። የመጀመሪያው ሥዕል ሳይደርቅ ሁለተኛውን ማስቀመጫ የለውም፤ እሱና ሥዕሉ የሚያድሩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሁላችንም እማማ የምንላቸው አከራይ «ልጄ፣ ይኼ ነገርህ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» አሉት። በሦስተኛው ሳምንት ሥዕሉን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተወው።

«በአክሪሊክ ለምን አትሞክርም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እሱማ የልጆች ነው። ዘይት ካልሆነማ ሥዕል አይደለም አሉኝ።»

ዛሬ ብዕር ያስነሳችኝ ይህቺ «አሉኝ» ናት።

የዘይት ቀለም ማለት በአብዛኛው በተልባ ዘይት የተለወሰ የቀለም ዱቄት ነው። ዘይቱ እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ነው የሚጠጥረው። ላዩ ለመድረቅ ቀናት፣ ውስጡ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ለለመደ እጅ ይህ ጸጋ ነው፤ ጠዋት የጀመረውን ፊት ማታ ጥላውን እያለሰለሰ ይጨርሰዋል። አክሪሊክ ግን በውሃ ይቀጥናል፣ ውሃው ሲተን በደቂቃዎች ይደርቃል። የተበላሸውን ሻይ ጠጥቶ ተመልሶ ከላዩ መቀባት ይቻላል። ቡርሹም በውሃ ይታጠባል፣ ያውም ከተረሳ ድንጋይ ይሆናል። ቶሎ ስለሚደርቅ ቀለምን ከቀለም አለሳልሶ ማዋሐድ ያስቸግራል። እንግዲህ ሁለቱም የየራሳቸው ዐመል አላቸው።

ታዲያ ንቀቱ ከየት መጣ? አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ግድም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ፣ በውሃ የሚቀጥነው የሠዓሊ አክሪሊክ አሜሪካ ውስጥ ገበያ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ዘይት ቢይዝ አክሪሊክን መዝኖ ንቆት ነው ማለት አይቻልም። የጊዜው ልማድ ነው ኋላ የክብር ደረጃ መስሎ የታየን። ቀለማቸውን በሙጫ ለውሰው በጥጥ ጨርቅ ላይ የሣሉት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንስ የልጆች ሥራ ነበር የሠሩት? በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ባለቀለም መስታወት ነው። «ዘይት ካልሆነማ» የሚለው ሰው እስቲ እዚያ መስታወት ፊት ቆሞ ይድገመው!

ዘይት ይቅር ማለቴ አይደለም። ነፋስ የሚገባው ሰፊ ክፍል ያለው፣ መጠበቅም የማይሰለቸው ሰው በዘይት ቢጀምር እሰየው። ብቻ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ አይወርውር፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ውጭ ዘርግቶ ያድርቀው። በአክሪሊክ የጀመረም ወደ ዘይት መሻገሪያው አልተዘጋበትም። በደረቀ አክሪሊክ ላይ ዘይት መቀባት ይቻላል፤ ግልባጩ ግን አይሆንም፣ ይላላጣል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ምክሩ የልጁን ቤት ሳያይ መሰጠቱ ነው። ጀማሪ ከአንድ የተከበረ ሥዕል ይልቅ ሃምሳ የተበላሹ ሥዕሎች ያስፈልጉታል። ውድ ቀለም የገዛ ድሃ ደግሞ ለማበላሸት ይሳሳል፤ ሳያበላሽ መማር ከየት ይመጣል? እኛ ግን በረኛ መሆን እንወዳለን። ክራር ለሚማረው፣ ግጥም ለሚሞክረው ሁሉ «እውነተኛው ይኼ አይደለም» ብለን በሩ ላይ እንገተራለን።

ሰሞኑን የአኳራጁ ሽታ ጠፍቷል። ልጁ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ አክሪሊክ ገዝቶ እማማን እየሣለ ነው። ትናንት አዩትና «አንተ! አፍንጫዬ ይኼን ያህላል?» ብለው ተቆጡት።

ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይቀዳ አስተካከለላቸው።