ሞትን የሣሉ ሁለት እጆች

በቻይና አገር፥ በቻንግሻ ከተማ አጠገብ፥ ከማዋንግዱዊ መቃብር በ1964 ዓ.ም. አንድ የሐር ሥዕል ወጣ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ያህል ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በሞተች ወይዘሮ የሬሳ ሣጥን ላይ ተነጥፎ ነበር። ከላይ ፀሐይና ጨረቃ ያሉበት ሰማይ፥ ከታችም የምድር ሥር ተሥሎበታል፤ ወይዘሮዪቱ በመካከል ምርኩዟን ይዛ፥ ደንገጡሮቿን አስከትላ ቆማለች። የሠዓሊው እጅ እጅግ ረቂቅ ነው። ነገር ግን ሞት ከማዕርጓ ምንም አላጐደለባትም፤ ደንገጡሪቱም በወዲያኛው ዓለም ያው ደንገጡር ናት።

ከጋፋት ተነሥቶ ጣናን የሚሻገር ሰው ደግሞ በዘጌ፥ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእን ሥዕል ይመልከት። 78 ነፍስ የበላው ሰው በሚዛን ፊት ቀርቧል፤ የሚመዘንለትም በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም የሰጠው ጥርኝ ውሃ ብቻ ነው።

ቻይናዊው ሙት ይዞት የሚሄደውን ሣለ፤ የእኛ ሠዓሊ ግን ሰጥቶት የሄደውን ሣለ። ስለዚህ ሥዕሉ አረጀ ብሎ በአዲስ ቀለም ለመሸፈን የሚቸኩል ሁሉ አስቀድሞ ያንን ውሃ ይፈልግ፤ ቀለሙ አምሮ ውሃው ካልታየ ትምህርቱ ጠፍቷልና።