«ልጅ ያቦካው» ስለሚባለው ተረት

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ብዙ ሰው ያመሰግነዋል፤ እኔ ግን እነቅፈዋለሁ። ምክንያቱንም ከመርካቶ አመጣለሁ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ መንግሥት መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ተከትሎም በወጣው ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ትእዛዙ ነፍስ ለማዳን ነበርና አልነቅፈውም። ዳሩ ግን አንዱን ጭነት ስንት ተሸካሚ እንደሚያወርደው፣ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኘው ልጅ ቤቱ ቢውል ምን እንደሚበላ፣ ከራሱ ከወጣቱ ይልቅ ማን ያውቃል? ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜስ፣ የትኛው መተላለፊያ በዕቃ እንደሚዘጋ ዕለት ዕለት ተሸክሞ ከሚያልፍበት ይልቅ ማን ያውቃል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ወጣት ብሎ፣ በአገሩ ጉዳይ ተሳታፊ እንዲሆን ይሻል። ይሁን እንጂ መከራ ሲመጣ ወጣቱን የምንጠራው ለጉልበቱ ነው፤ ምክር ሲጀመር ደጅ እናስቆመዋለን። ወጣት ይቸኩላል፣ ይሳሳታልም፤ እንግዲያው ሽማግሌ አጠገቡ ተቀምጦ ያርመው።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅ ያቦካው ለራት ባይበቃ፣ ዱቄቱን ሰፍሮ የሰጠው ማን ነው?