የትኛው ሌሊት?

ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቷቸው ከሄዱት ሕንፃዎች በአንዱ ሥር ተቀምጬ፣ ማኪያቶዬ ፊቴ እየቀዘቀዘ፣ ስለ አንድ አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የተጻፉ ትዝታዎች ሳነብ አንድ ከሰዓት አለቀ። ሰውየው ቢል ዋልተን ነው። ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በ71 ዓመቱ አረፈ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ11፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ከፖርትላንድ፣ በ1986 ደግሞ ከቦስተን ጋር ዋንጫ አንሥቷል። አስታዋሾቹ ግን ስለ ኳሱ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ግሬትፉል ዴድ የተባለውን የሮክ ባንድ ተከትሎ ከ850 በላይ ኮንሰርት መታደሙን ነው። ከሰው መካከል አንገቱ ብቅ ብሎ ስለሚታይ፣ «እኔም አይቼዋለሁ» የማይል የለም።

ባንዱ በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። ስሙ የመጣው ከቆየ ተረት ነው፦ መንገደኛ ቀባሪ ያጣ ሬሳ ያገኝና ከኪሱ አውጥቶ ያስቀብራል፤ ሟቹም በኋላ ተመልሶ ውለታውን ይከፍላል። እድር ላለው ሕዝብ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ልማዳቸውም እንደ ስማቸው ለየት ያለ ነበር። አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ አይጫወቱትም፤ አድማጩም ቴፑን ይዞ ገብቶ እንዲቀዳ ይፈቅዱለታል። ከ1984 ጀምሮ እንዲያውም ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ሰጧቸው። ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ አይሸጥም። ስለዚህ የዚህ ባንድ ወዳጅ «የትኛው አልበም?» ብሎ አይጠይቅም፤ «የትኛው ሌሊት?» ይላል። ሜይ 8 ቀን 1977 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተጫወቱት ሌሊት እስከ ዛሬ በቀኑ ይጠራል፤ የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍትም ቅጂውን ከብሔራዊ ቅርስ ቆጥሮ መዝግቦታል።

እንግዲህ ያነበብኳቸውን ትዝታዎች የምመዝነው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ አብዛኞቹም ይወድቃሉ። 850 ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ የሰማውን ሰው ጆሮ አያሳይም። «ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ረጅሙንም አይቻለሁ» የሚል ጽሑፍ የባንዱን ስም በሌላ ስም ብንቀይረው አንድም ቃል አይጎድልበትም። ዋልተን ራሱም ከዚህ አያመልጥም። እስከ 28 ዓመቱ ይንተባተብ የነበረ ሰው አንደበቱ ሲፈታለት ማቆሚያ አጣ፤ ሲያደንቅ ሁሉም ነገር «ታላቅ» ነው፣ ሁሉም ሌሊት ከሁሉም ይበልጣል። በ2016 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ልቤን የነካኝ ማድነቁ ሳይሆን ሕመሙ ነው፦ ጀርባው ከወለል አላነሣ ብሎት ራሱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ መድረሱ። ያንን አንብቦ ወደ ሙዚቃው የተመለሰ፣ ለምን ደጋግሞ እንደሄደ ይገባዋል።

የጊዛው ትዝታ ግን ሌላ ነው። መስከረም 1971 ዓ.ም. ባንዱ ከፒራሚዶቹ ሥር ሦስት ሌሊት ተጫወተ። የእግር ጉዳት ከሜዳ ያራቀው ዋልተንም አብሮ ሄደ። የኑቢያው ሙዚቀኛ ሐምዛ ኤል ዲን ከአገሩ ሰዎች ጋር በታርና በጭብጨባ የጀመረውን ዜማ ባንዱ ቀስ ብሎ ገብቶ ተቀበለው። በሦስተኛው ሌሊት ጨረቃ ግርዶሽ ያዛት። ይኼ ይነገራል! እዚህ ላይ ቦታም፣ ድምፅም፣ ጨለማም አለ። (የባንዱና የቅርጫት ኳስ ነገር ከተነሣ አይቀር፦ ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ባጠለቀች ማግስት፣ ነሐሴ 2 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ የሊትዌኒያ ቡድን ነሐሱን ሊቀበል የወጣው ግሬትፉል ዴድ የረዳውን ዥንጉርጉር ቲሸርት ለብሶ ነው። እኛ ቤት ግን ከደራርቱ ሌላ ያየ ሰው አልነበረም።)

«ተቀበለው» ያልኩት በከንቱ አይደለም። በኛ አገር አድማጭ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበላል። ያንኑ ቤት በማሲንቆው መልሶ ሲለው ዘፈኑ የሁለቱ ይሆናል። ታዲያ «የትኛው ሌሊት?» የሚለውን ጥያቄ ከማንም በፊት መጠየቅ የነበረብን እኛ አልነበርንም? ካሴቶቻችንን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያነሣልን፤ ኃይሉ መርጊያ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ሥራ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 ለዓለም መልሶ አሳተመው።

ሰው ላይ ጣቴን ከመቀሰሬ በፊት የራሴን ልናገር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ረጅም ጓደኛ ነበረኝ። ኳሱን ጨርሶ በላቡ ከፒያሳ ዝቅ ብላ ወዳለች አዝማሪ ቤት ይገባል፤ አንድ ማሲንቆ መቺ ነበር፣ እሱ ከሌለ አይቀመጥም። አንድ ጠጅ ይዞ ያመሻል። ዝም ዝም ይልና ድንገት «ተቀበል!» ይላል። ከዚያ የሚሰጠው ግጥም ቤቱን ያስነሣው ነበር። አንድ ሌሊት በትንሿ ቴፔ ሙሉውን ቀዳሁት። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌና ቴርጋት ሲድኒ ላይ ሲተናነቁ ባዶ ካሴት አጣሁ፤ የሬዲዮውን ስርጭት በዚያው ላይ ቀዳሁበት። ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመ። ያ ሩጫ ዛሬ በዓለም ሁሉ አለ፣ ስልኬ ውስጥም አለ። ያ ሌሊት የነበረው ግን እኔ ጋ ብቻ ነበር።

ጓደኛዬ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ግጥሞቹ ሲጠፉብኝ፣ ያው እንደ ባንዱ ወዳጆች፣ «ብዙ ሌሊት አብረን አምሽተናል» ከማለት አላለፍኩም። ባለፈው ጥር ማሲንቆ መቺውን ፒያሳ አገኘሁት። አርጅቷል፤ አሁን ሠርግ ላይ እንጂ ማታ አይጫወትም፣ በዚህ ጊዜ ማን ያመሻል?

«ጋሼ፣ ያንን ረጅሙን ያስታውሱታል?» አልኩት።

«እሱን! ኧረ ለሽልማት እጁ አይፈታም ነበር።»

«ግጥሙንስ?»

«ግጥሙን እንኳ እንጃ ልጄ። እግሩን ነው የማስታውስ። ዘርግቶ ነበር እሚቀመጥ። እየዞርሁ ስጫወት እሱ ዘንድ ስደርስ ልሻገረው እርምጃዬን እሰብራለሁ፣ ምቱም አብሮ ይሰበራል። ሰዉ ወደደልኝ። ይኸው እስተዛሬም እዚያች ላይ እሰብራታለሁ።»