ልጅ ለእናቷ ምጥ ስታስተምር

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ሲነገር የኖረው ለማሽሟጠጥ ነው። ያልደረሰበትን ነገር ለደረሰበት ሰው ሊያስረዳ የሚከጅል ሲገኝ አንዱ አዛውንት ጣል ያደርጓታል፤ ቤቱ ይስቃል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ተረቱ ከሃያ ዓመት ወዲህ ከቃል ወደ ግብር ተሸጋግሯል። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኛ መደበ። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የሠለጠነች፣ ብዙ ጊዜም ራሷ ገና ያልወለደች ወጣት፣ መዝገቧን ታቅፋ፣ ስድስት ሰባት ጊዜ ያማጡ ሴቶች ፊት ቆማ ስለ ምጥ ታስተምራለች። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈን አድርገው ቢስቁ ማን ይፈርድባቸዋል?

ይህ ጸሐፊ ግን ተረቱን ቆም ብሎ ሊያነበው ይወዳል። በተረቱ ውስጥ ሁለት አዋቂዎች አሉ፤ ልጅቱና እናትየው። ልጅቱ የምታውቀው በመጽሐፍ ሰፍሮ፣ በሥዕል ተሥሎ፣ በሬዲዮ ተነግሮ አልቋል። እናትየው የምታውቀው ምን እንደሆነ ግን ተረቱም፣ ደራሲዎቻችንም አልነገሩንም።

ያንን አገር የሚያነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጉባኤ ቤቱን ነው። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ ሁለቱም ጋይንት ውስጥ ይገኛሉ። ከዚያ ቀረርቶው፣ ፉከራው ይከተላል። የደብተራው ቃል በብራና፣ የጀግናው ቃል በቴፕ ክር ተቀምጧል። የአራስ ቤት ቃል ግን ከምድጃው ጭስ ጋር በጣራው ወጥቶ ቀርቷል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጸሐፊው ወንድ ነው፤ ወንድ ደግሞ ቄሱ መጥተው ጠበል እስኪረጩ ድረስ አራስ ቤት አይገባም። የዘመናችን ደራሲም ያው ደጅ ላይ የቆመ ይመስለኛል። በልብ ወለዶቻችን ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚወለደው በእልልታ ድምፅ ነው፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ ልጁ ከብት ሲጠብቅ እናገኘዋለን። በመካከሉ ያሉት አርባ ቀናት የሉም።

ለነዚያ ቀናት ሥራ አማርኛ ግስ ሰጥቶታል። «እናቷ ቤት ታረሰች» እንላለን። ያረሰቻት እናት አራሽ ናት። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ ሲወጡ የወንዱ አራሽ መፈክር አገኘ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ወጣለት። ሴቷ አራሽ ግን እስከ ዛሬ ገንፎዋን እያገነፋች ናት።

ወደ ቃላቱ ልመለስ። የመውለጃ ወሯ የገባ ሴት «ድርስ» ትባላለች። ያን ጊዜ ሰላምታዋም ይለወጣል፤ ያገኛት ሁሉ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል። ከተገላገለች በኋላ ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ልብ እንበል፤ «እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለው ኋላ ይመጣ እንደሆነ እንጂ አይቀድምም። ማረ የሚለው ግስ የችሎት ግስ ነው፤ የሚማረውም የተፈረደበት ነው። ይህን ሰላምታ የፈጠረ ሕዝብ ወሊድን ከሞት ፍርድ ጋር አስተካክሎ የሚያይ፣ ያን ለማወቅም የጥናት ወረቀት ያላስፈለገው ሕዝብ ነው።

የልጆቹ ስምም እንዲሁ ነው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ተተካ፣ ማስረሻ፣ ኑርልኝ፣ አንሙት። የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት ስም መጥሪያ ላይ እነዚህን የለየ ሰው የቀበሌውን የሕፃናት ሞት መዝገብ በከፊል አነበበ ማለት ነው። ካሳ የተባለ ሁሉ የሞተ ታላቅ ነበረው ማለቴ አይደለም፤ ስም ይወረሳል፣ ይለመዳልም። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት 47ቱ የመጀመሪያውን ወር እንደማይዘልቁ አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 29 ነበር። አንሙት የሚለው ስም ገና ሥራ አልፈታም።

አሁን የእናትየውን ዕውቀት እንመልከት። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ወሯ ሲገባ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። ባሏ ቤት ገና እንግዳ ናት፤ እንጨቱም ውሃውም በሷ ላይ ነው፤ ቢያማት እንኳ አማቷን ታፍራለች። እናቷ ዘንድ መጮህ ይቻላል። ምጡ ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ «ማርያም፣ ማርያም» እየተባለ ወገቧ ይደገፋል። ልጁ ሲወርድ እልልታው ይቀልጣል፤ ለወንድ ይበዛል፣ ለሴት ያንሳል (ይህንን የምወድላቸው ልማድ ነው አልልም)። ወዲያው ገንፎ ይገነፋል። የጉና ሥር ሰው በገብሱ ነው የሚታወቀው፤ መሐሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬ ያፈሱበታል፤ የመጣ ሁሉ ይቀምሳል። ከዚያ አጥሚቱ ይከተላል። አራስ ውሃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም፣ ወፍጮ አትነካም። ከሁሉ በላይ ብቻዋን አትተውም፤ ሌሊት እንኳ አንዲት ሴት አጠገቧ ትተኛለች።

ለምን ብሎ ለጠየቀ «መጋኛ እንዳይመታት» ይባላል። እዚህ ላይ ነው የተማረው ሰው ፈገግ የሚለው። የቅኔ አገር ነውና እንደ ቅኔ እንፍታው፤ ሰሙ መጋኛ ነው፣ ወርቁ ደም ነው። እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ዋነኛው ከወሊድ በኋላ የሚፈስሰው ደም ነው፤ የሚበረታውም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። በእኩለ ሌሊት ደም የወረዳት አራስ አጠገቧ የተኛች ሰው ካለች ትቀሰቅሳታለች። ምክንያቱ የተሳሳተ ሆኖ ትእዛዙ ግን ልክ የሆነ ሕግ ብዙ ነው፤ ይህ አንዱ ነው።

ይሁንና ወርቁን አገኘን ብለን ሰሙን ሁሉ ልንሳለመው አይገባም። የተቀሰቀሰችው ሴት የምታደርገውን ካላወቀች መቀስቀሷ ምን ይረባል? «ትንሽ እንይ» እየተባለ ምጡ ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ ነው ወንዶቹ ቃሬዛ የሚያነሡት። ከአባይና ከበሽሎ ሸለቆ ቁልቁለት ተነሥቶ ወገዳ ወይም አርብ ገበያ እስኪደረስ ደግሞ መንገዱ ራሱ ሌላ ምጥ ነው። በሕይወት የተረፈችውም አንዳንዴ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ትቀራለች፤ በ1997 ዓ.ም. ባሕር ዳር የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የሚያክማቸው እንዲህ ያሉትን ነው።

እንገርን ደግሞ ተመልከቱ። ወፍራሙና ቢጫው የመጀመሪያ ጡት ወተት «ቆሻሻ ነው» እየተባለ ታልቦ ይደፋል፤ በምትኩ ለሕፃኑ ቅቤ ያልሱታል። ጥጃ እንገር ካልጠባ እንደማይጸና የሚያውቅ ገበሬ፣ የላሟን እንገር አፍልቶ እንደ ብርቅ የሚበላ ቤተሰብ፣ ለገዛ ልጁ ሲሆን ይደፋዋል። ይህን ለማስረዳት የሕክምና ቃል የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በረት ወስዶ ማሳየት ይበቃል። አስተማሪዋ ግን ብዙ ጊዜ ወደ በረቱ አትሄድም፤ ወደ ሥዕሉ ትሄዳለች።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» የሚባል አንድ ትልቅ አቁማዳ አለ። እንጥል መቁረጥ፣ የልጅነት ጋብቻ፣ እንገር መድፋት ይገቡበታል፤ ይግቡ። ነገር ግን አቁማዳው አፉ ሰፊ ነውና ገንፎውም፣ የእናት ቤቱም፣ የጎረቤቱም ስብሰባ አብሮ ሲገባ አይተናል። ብዙ እናቶች ለምን ጤና ጣቢያ እንደማይወልዱ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ዘመድ አያስገቡም፣ ብርድ ነው፣ ወንድ ያያል የሚል ነበር። ይህንን ድንቁርና ብሎ የመዘገበ ሰው የታረሰ አይመስለኝም።

ደግነቱ ከጊዜ በኋላ የሰሙ ተገኙ። በብዙ የአገሪቱ ጤና ጣቢያዎች ግቢ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ፤ ሩቅ የምትኖር ድርስ ሴት ቀኗ ሳይደርስ መጥታ ትሰነብትበታለች። ገንፎ ማገንፈያና ቡና ማፍያ ገባ። ነፍሰ ጡሮች በየወሩ የሚሰበሰቡበት መድረክም ተፈጠረና ስሙ «ጉባኤ» ተባለ። ስሙን ያወጣው ሰው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን፣ ጋይንት ላይ ይህ ቃል ከባድ ነው፤ ድጓ በሚዘለቅበት አገር ሴቶች የራሳቸውን ጉባኤ አገኙ። በአገር አቀፍ ደረጃ በጤና ተቋም የሚወልዱት በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። አዋላጅ ነርሶችም አምቡላንሶችም የድርሻቸውን ሠርተዋል፤ ገንፎውም ድርሻ አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግን ሌላ ቁጥር አለ፤ ከፊተኛው ይልቅ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከወለዱ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ የጤና ምርመራ ያገኙት እናቶች ከመቶ 17 ብቻ ነበሩ። ጤና ጣቢያው የሚያውቀው የወሊዱን ቀን ነው። እናት ልጇን ታቅፋ በሩን ስትወጣ መዝገቡ ይዘጋል። አራስ ቤት ደግሞ የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ነው፤ ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ ሆኖም አንዱ ለሌላው ምንም ሳይነግረው። ወጣቷ መጥታ «ከወለድሽ ደም ቢበዛብሽ፣ ሕፃኑ ቢቀዘቅዝ ወይም አልጠባ ቢል ቶሎ ነይ» ስትል የምትነግረው ለአራሷ ነው። አራሷ ግን አትወስንም፤ አልጋ ላይ ናት። የምትወስነው አራሽዋ ናት፣ ቃሬዛ የሚያነሡት ደግሞ ደጅ የተቀመጡት ወንዶች ናቸው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ሌላው ግጭት ክልሉን ሸፈነ። መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስ አይመጣም፤ የሚቀሩት እነዚያው አሮጊትና እነዚያው ወንዶች ናቸው።

የከተማው አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳይል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የወለደች ሴት ዘንድ ከእስቴ እናት በአውቶቡስ ቅቤና ገብስ ይዘው ይመጣሉ፤ ደረጃውን እያረፉ ይወጣሉ። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ የሴት ልጅ እናት በልማድ ከምታገኘው 80 ቀን ብዙም አልራቀ። ለአባትየው የተሰጠው 3 ቀን ነው። እሱም ያው ደጅ የቆመ ነው እንግዲህ።

ይህ ጸሐፊ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያያቸው ሥዕሎች ሦስት ሰው አላቸው፤ ነጭ የለበሰች ባለሙያ፣ ፈገግ ያለች እናት፣ የታቀፈ ሕፃን። አንዳንዱ ባል ይጨምርበታል። ገንፎውን ይዘው በሩ ላይ የቆሙትን እናት የሣለ ግን አላየሁም። ለሚቀጥለው ሠዓሊ የማሳስበው ይህን ነው፤ እሳቸውን ያስገባቸው፤ ባለሙያዋንም ፊቷን ወደ እሳቸው ያዙርልን።