ከበሩ ወዲህና ወዲያ

ስለ ግብር ሕግ ወይም ስለ ትምህርት ፖሊሲ ስትጠይቁት «እኔ ምን አውቄ» የሚላችሁ ሰው፣ የቪዛ ነገር ሲነሳ ግን አይታማም። ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ካፌ በረንዳ ላይ… ሁሉም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። ይኼ በራሱ ክፋት የለውም። አንዲት ማኅተም የስንቱን ቤት ኑሮ እንደምታቀና ወይም እንደምታናጋ ስለምናውቅ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ልብ ብላችሁ ካዳመጣችሁት፣ አስተያየታችን የሚወሰነው በምናምንበት ነገር ሳይሆን ከበሩ በየትኛው ወገን እንደቆምን ነው።

መጀመሪያ በር ላይ የቆምነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን በሚሰጠው ቪዛ ላይ ጠበቅ ያለ እርምጃ ወሰደ። 15 ቀን የነበረው መደበኛ የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆነ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተባለ። ምክንያቱ ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ያለ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል በኩል በበቂ ሁኔታ አልተባበረም የሚል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ክርክሩ የመንግሥታት ነው፤ የሚጉላላው ግን ወረቀቱን አሟልቶ ለስብሰባ ወይም ለንግድ የሚሄደው ሰው ነው። ያኔ ደጋግሜ የሰማሁት አስተያየት ምን መሰላችሁ? «ሄደው እየቀሩ ያበላሹብን የራሳችን ሰዎች ናቸው!» በሌላው ጥፋት እኔ ለምን እቀጣለሁ ብሎ የጠየቀ ብዙ አላጋጠመኝም።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው አብዛኛው የጎብኚና መሰል ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲያገለግል ወሰነች። ወዲያው «ከሦስት ወር በላይ መቀመጥ ተከለከለ» ተብሎ ተወራ። ሦስት ወሩ ግን ቪዛው ለመግቢያ የሚያገለግልበት ጊዜ ነው፤ እዚያ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ የሚወስነው መግቢያው ላይ ያለው ሹም ነው። ልጇን ልታርስ ለተነሳች እናት ይኼ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ሌላም አለ። በአሜሪካ ሕግ የጎብኚ ቪዛ ጠያቂ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ እዚያው ሊቀር እንዳሰበ ይቆጠራል። ስለዚህ ቪዛ የተከለከለ ሁሉ ነውር ተገኝቶበት አይደለም። እኛ ግን «ምን አግኝተውበት ይሆን?» እያልን ሰውየውን በክፍያው ላይ ሐሜት እንጨምርለታለን።

አሁን ደግሞ ወደ ውስጥ የገባውን እንስማ። ዲቪ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የመጣ፣ በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ የተመደበለት ዕጣ ነው። ብዙ ሺህ ወገኖቻችን በዚሁ በር ገብተዋል፤ ዘመድ አዝማድም ረድተዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025፣ ከዓመታት በፊት በዲቪ የገባ አንድ ሰው ፈጽሞታል በተባለ ግድያ ሳቢያ፣ የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራሙ ለጊዜው እንዲቆም ማዘዙን አስታወቀ። በአንድ ሰው ምክንያት ስንቱ ተስፋ እንደተንጠለጠለ ገምቱ። በዚሁ በዲቪ ከገቡት መካከል ግን «እንኳን ቆመ! ሰው በችሎታ ይግባ እንጂ!» የሚሉ አልጠፉም። ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ያለፉት የችሎታ ፈተና የትኛው ነበር? ዲቪ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወይም የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ነው፤ የቀረው ዕጣ ነው።

ሦስተኛውና ማንሳት የማንወደው ነገር ደግሞ የበሩ ባለቤቶች እኛ ስንሆን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን አስጠልላ ነበር፤ የደቡብ ሱዳን፣ የሶማሊያ፣ የኤርትራ፣ የሱዳን ሰዎች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅም የመማር፣ የመንቀሳቀስና በሕግ በተወሰነው መሠረት የመሥራት መብት ሰጥቷቸዋል። በወረቀት የሚያኮራ ነው። ወሬያችን ግን ሌላ ነው። «ቤት ኪራይ ያስወደዱብን እነሱ ናቸው»፣ «እስከ መቼ እንቀልባቸዋለን?»፣ «እየመጡ ወንጀል አበዙ»… እነዚህን ቃላት የት ነበር የሰማናቸው? ስለ እኛ ሲነገሩ ዘረኝነት እንላቸዋለን። እኛ ስንናገራቸው ግን «እውነት መናገር» ይባላሉ።

ማንም አገር በሩን የመጠበቅ መብት አለው፤ በዚህ አልከራከርም። ኪራይ የከበደው ሰው ምሬትም የፈጠራ አይደለም። ግን ሕጉ የማንም ይሁን የማን፣ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ቢሆን ምን አለበት? ያጠፋው ማን ነው? የሚቀጣውስ ማን ነው? የተበደለው ወዴት አቤት ይላል? ይኼንን የአውሮፓና የአሜሪካ ኤምባሲ በር ላይ ስንጠይቅ፣ የሱዳን ጦርነት አፈናቅሎት ሰፈራችን የተከራየውን ቤተሰብም እያሰብን እንጠይቅ። ያኔ አስተያየት አለን ማለት እንችላለን። እስከዚያው ግን የምናወራው ስለ ፖሊሲ አይደለም፤ ወረፋ ላይ የሚደረግ ግፊያ ነው።