የገና አባት ሆድና የጾም ወራት

በየዓመቱ የታኅሣሥ ወር ሲጋመስ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ደጃፍና በትልልቅ ሱቆች መስኮት ቀይ ካባ የለበሰ፥ የጥጥ ጢም ያንጠለጠለ፥ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተነፋ አንድ ሽማግሌ ይቆማል። ልጆች የገና አባት ይሉታል፤ ወላጆችም ከአጠገቡ አቁመው ፎቶግራፍ ያስነሧቸዋል። ስለዚህ ሽማግሌ ሆድ በውጭ አገር ሐኪሞች ዘንድ የተነሣ አንድ ክርክር አለ። እኛም ያንን ክርክር ወስደን በአገራችን ሚዛን ልንመዝነው አሰብን።

ክርክሩ ይህ ነው። በ2007 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም ተጠባባቂ የነበሩት ስቲቨን ጋልሰን፥ የገና አባት ሰውነቱን አስተካክሎ ለልጆች አርአያ ቢሆን እንደሚሻል ተናገሩ። በ2009 ደግሞ በአውስትራልያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ናታን ግሪልስ በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ባወጡት ጽሑፍ፥ ውፍረት ከደስታና ከደግነት ጋር ተያይዞ መታየቱ ጉዳት አለው አሉ፤ ሽማግሌውም አጋዘኖቹን ትቶ በእግሩ ወይም በብስክሌት ቢሄድ ይበጀዋል ሲሉ መከሩ። ጽሑፉ ጨዋታ ያለበት እንደ ነበረ ጸሐፊው ራሳቸው በኋላ አስረድተዋል፤ ዳሩ ግን ብዙ ሰው ከልቡ ተቈጥቶ መልስ ሰጠ።

የገና አባት ከመጀመሪያው ወፍራም አልነበረም። ሥሩ በአራተኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ የሜራ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ በእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ቀን ይታሰባል። ለአንድ ድሀ ሰው ሦስት ሴቶች ልጆች በሌሊት ወርቅ በመስኮት ጣለላቸው የሚባለው ታሪክ የዛሬው የሌሊት ስጦታ ምንጭ ነው። ገና ጡት ሲጠባም ረቡዕና ዓርብ ይጾም ነበር ተብሎ ይተረካል። የሆላንድ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያሳዩት የጳጳስ ልብስ የለበሰ ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ አድርገው ነው። ሆድ ያወጣው አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው። በ1823 በአንድ ጋዜጣ የታተመ ግጥም ክብ ሆድ ሰጠው፤ ከ1863 ጀምሮ ሠዓሊው ቶማስ ናስት በሃርፐርስ ዊክሊ ላይ እያወፈረ ሣለው፤ ከ1931 ጀምሮም ሃደን ሰንድብሎም ለኮካ ኮላ ማስታወቂያ ዛሬ የምናውቀውን ጉንጩ የቀላ ሽማግሌ አደረገው። እንግዲህ ይክሳ የሚሉት ሐኪሞች አዲስ መልክ አላመጡለትም፤ ሳያውቁት ወደ ቀድሞው ይመለስ ማለታቸው ነው።

ለዚህ ነገር በአገራችን ምሳሌ አይታጣም። በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ማርያም ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌሎቹ የአገሩ አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳን የለበሰች ክብ ነበረች። በ1955 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወጣቱ ተጓዥ ቶማስ ፓከንሃም ገብቶ ሲያይ ግን፥ በክቡ ጣሪያ ሥር ዕድሜው የሚበልጥ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ አገኘ። (ለካህናቱ ስውር አልነበረም፤ ስውር የነበረው ለእንግዳው ነው።) በቀዩ ካባና በክቡ ሆድ ውስጥም እንዲሁ ቀጭኑ ኤጲስ ቆጶስ አለ።

እኛ ራሳችን የጋይንት ልጆች ነን። ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ግን በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፥ በዚያ ልደት የሚከበረው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ቀን፥ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 16 ነበር። ቁመታችን ረዘም ስላለ የገና አባት እንድንሆን ተመረጥን፤ ሰውነታችን ግን እንደ ሸምበቆ ስለ ነበር በሆዳችን ላይ ትራስ አድርገው በመቀነት አሰሩልን። ልጆቹ እየሳቁ ከረሜላቸውን ተቀበሉ። የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት ግን ትክ ብለው ሲያዩን ቆዩና አጠገባችን ወደ ነበረው መምህር ጠጋ ብለው፥ «መምህር፥ እኒህ አባት በጾም ይህን ያህል የወፈሩት ምን ቢበሉ ነው?» ሲሉ ጠየቁት። መምህሩ ሳቀ። እኛ ግን በትራሱ ሥር አላበን።

የእኒህ እናት ጥያቄ ከሐኪሞቹ ጥያቄ የጠለቀ ይመስለናል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቁላል ከቤት ይርቃሉ። ታኅሣሥ 16 ጾሙ ገና ያልተፈታበት ቀን ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ እንደ መሆንዋ ሊቃውንቱ በየእሑዱ ስብከትን፥ ብርሃንን፥ ኖላዊን እያደረሱ በዓሉን የሚጠብቁበት ወራት ነው። በዚህ መካከል ሆዱን ነፍቶ የሚቆም ሽማግሌ ሐኪም እንደሚለው በሽተኛ ሳይሆን ጾም የሻረ ሰው ይመስላል። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ያሉትን ሥዕሎች የለመደ ዓይን በአንድ እግራቸው የሚቆሙትን ተክለ ሃይማኖትን፥ ጠጕራቸው ገላቸውን የሸፈነውን ገብረ መንፈስ ቅዱስን ያውቃል። ወፍራም ቅዱስ ግን አላየም።

ታዲያ የገና አባት ይክሳ ብለን ልንፈርድ ነውን? እዚህ ላይ ብዕራችን ይከብዳል። በጋይንትና በስማዳ ክሳት የጾም ብቻ አይደለም፤ የማጣትም ነው። የ1977ን ረኃብ አባቶቻችን በዓይናቸው አይተውታል፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት እርዳታም ላይ ጋይንትን፥ ታች ጋይንትንና ስማዳን ይጨምር ነበር። ከርሞ የተገናኘ ዘመድ ወፈር ብለን ሲያየን «አምሮብሃል» ይለናል፤ ከስተን ሲያየን «ምነው፥ አመመህ?» ይላል። ለዚህ አገር ልጅ ወፍራም ሽማግሌ ማለት ጐተራው ያልጐደለበት ሰው ነው። በሜልቦርን የተጻፈ የጤና ምክር እንዳለ ተገልብጦ እዚህ ቢለጠፍ፥ ቁራሽ ላላገኘ ሰው ስለ መብል ብዛት እንደ መገሠጽ ይቈጠራል። በአዲስ አበባ ሀብታም ሰፈር ምክሩ ሰሚ ሊያሻው ይችላል፤ ሁሉም አገር አንድ አይደለም።

በበኩላችን የምንነቅፈው ሆዱን ሳይሆን ቀኑንና ከረጢቱን ነው። ታኅሣሥ 29 ዶሮው ታርዶ ጠላው ተቀድቶ ጎረቤት ተጠርቶ ሳለ ቢመጣ፥ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ማን ይከለክለዋል? ከረጢቱ ግን ከየት እንደ ተሞላ አይታወቅም። ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ኅብስቱ የሚጋገርባትም ትንሽ ቤት በዚሁ ስም ትጠራለች። ወደ ቤተ ልሔም ድጓ ሊማር የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየጮኸበት በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እርሱም ከረጢት አለው፤ ባዶውን ይመጣና ከየቤቱ ቁራሽ እየተጨመረለት ይሞላል። ሰጪው ባለቤቱ ነው፤ ለማኙ ደግሞ ነገ መሪጌታ ሆኖ በዓሉን የሚያደምቀው ነው። ሠዓሊዎቻችን ቀጭን የገና ሰው ቢያሻቸው ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ እስካሁን ግን በሱቅ መስኮት ሥሎ ያቆመው አላየንም።

እውነቱን ላለመሸሸግ፥ ይህ አሳባችን በልጆች ፊት ተፈትኖ ወድቋል። በሁለተኛው ዓመት እንደ ገና ስንመረጥ የእኒያ እናት ቃል ትዝ ብሎን ትራሱን አናስርም አልን፤ መምህሩም ፈቀደ። ካባው እንደ ተሰቀለ ልብስ ተወዘወዘብን። ትንንሾቹ ፈርተው ወደ ኋላ ሸሹ፤ አንዷም «አባባ የገና አባት ታመዋል?» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። ከመጋረጃው ጀርባ ገብተን ትራሱን አስረን ተመለስን። በሦስተኛው ዓመት በእኛ ፋንታ አንድ የሥጋ ነጋዴ ልጅ ተተካ፤ እርሱ ትራስ አላስፈለገውም።